በበረዶ ወደ ክፍሏ የምትሄድ አስተማሪና የእኛ ጥያቄ



ዛሬ የምንጽፍላችሁ አንድ አጭር ጥያቄ ልባችንን ስለያዘው ነው። በሜሪላንድ በምናገለግልባት አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ክርስቲያን ያደገች አንዲት እህት አለችን። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቃሉን ተምራ፣ በወጣቶች መዘምራን አገልግላ፣ ኮሌጅ ስትጨርስ ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄደች። አሁን በጋንግዎን ክፍለ ሀገር፣ ከቹንቾን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በቅርቡ በረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ስሟን አንሥተን «እንጸልይላት» ስንል፣ አንድ የምናከብራቸው አባት «ፓስተር፣ ልጅቷ እስካሁን ስንት ነፍስ ለጌታ አመጣች?» ብለው ጠየቁን።

አባታችን ይህን ያሉት በክፋት አይደለም። በደርግ ዘመን ስለ ወንጌል የታሰሩ፣ ዛሬም ስለ ጠፉ ነፍሳት የሚያለቅሱ ሰው ናቸው። ጥያቄውን ግን ከእርሳቸው ብቻ አልሰማነውም። የገዛ እናቷም «ልጄ ወይ ሐኪም አልሆነች፣ ወይ ሚስዮናዊ አልሆነች፤ በዚያ ብርድ የሰው ልጅ ፊደል ታስቆጥራለች» ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንለው ይህ ነው፤ አንድ አማኝ በታማኝነት የሚሠራውን ሥራ በተመለሱ ነፍሳት ቁጥር ብቻ የምንመዝነው ከሆነ፣ መለኪያው ከቃሉ የወሰድነው አይደለም፤ ልጆቻችንንም ያለ አግባብ ያደክማል። ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ግን ቀኗ ምን እንደሚመስል እንስማ። እርሷ በድምፅ መልእክት እንደላከችልን ነው የምናካፍላችሁ።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ስልኳ ይጮሃል። ጥሪ አይደለም፤ የአካባቢው አስተዳደር ለነዋሪው ሁሉ የሚልከው የማስጠንቀቂያ መልእክት ነው፤ ከባድ በረዶ እየጣለ ነው፣ መንገድ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቁ ይላል። የኮሪያ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ነው፤ ሰው የሚተኛው በሞቀ ወለል ላይ ስለሆነ መነሣቱ ራሱ አንድ ትግል ነው ትላለች። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነው። ቹንቾን በተራራና በሐይቅ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ስለሆነች ብርዱ ይተኛባታል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። እኛ አበሾች «በረዶ» ስንል ቶሎ የሚመጣልን በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነው። እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ ለሚወርደው ሌላ የለመድነው ቃል የለንም፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «አመዳይ» የሚል ቃል ቢኖረውም በየዕለቱ የሚናገረው ሰው ብዙም የለም። አዲስ አበባ ያሉት አያቷ ትልቅ በረዶ ወረደ ብትላቸው፣ «ጣሪያው ተረፈ?» ብለው ደነገጡ አሉ።

ከቤት ስትወጣ ሽማግሌዎች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ደጃቸውን እየጠረጉ ታገኛለች። በኮሪያ ከተሞች ሰው በቤቱ ፊት ያለውን በረዶ እንዲያነሣ የሚያዝ ደንብ አለ፤ እነዚህ አባቶች ግን ደንብ ባይኖርም የሚያደርጉት ይመስላታል። ትምህርት ቤቷ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። በፌርማታው ላይ አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። በደህናው ቀን ቁጥሩ አይዋሽም፤ በበረዶ ቀን ግን «7 ደቂቃ» ላይ ይቆምና ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰባት እንዳለ ይቀራል። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ሁለት ጣት በረዶ ከጣለ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል፣ ወላጆች ይቸገራሉ። እዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በረዶው ይጠረግና ትምህርቱ ይቀጥላል።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ቢቆጠሩ ሃምሳ አይሞሉም። በኮሪያ የሚወለደው ሕፃን ቁጥር እጅግ ቀንሷል፤ በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው በአማካይ 0.72 ልጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ በገጠሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የቀሩትም ክፍሎቻቸው ሰፊ ልጆቻቸው ጥቂት ናቸው። እንደ እርሷ ያለ የውጭ አስተማሪም በአንድ ቦታ በቂ ክፍል ስለማያገኝ ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ይዞራል። የእኛም እህት ሁለት ቀን በአንዱ፣ ሦስት ቀን በሌላው ታስተምራለች።

በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። በረዶ የያዘ ጫማ በመደርደሪያው ይቀመጥና በነጠላ ጫማ ይገባል። ኮሪደሩ ቀዝቃዛ፣ ክፍሉ ሙቅ ነው። ልጆቹ ሲያይዋት ጎንበስ ብለው «ሶንሴንግኒም» እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ አስተማሪ ማለት ነው። ቃሉን ሲፈቱት ቀድሞ የተወለደ ማለት ይሆናል፤ ከእርሷ በዕድሜ የሚበልጡት ርእሰ መምህርም በዚሁ ቃል ይጠሯታል። አንዱ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። ከኮሪያዊት መምህርት ጋር ሆና ሦስተኛ ክፍል ገብታ ስለ አየር ሁኔታ ታስተምራለች። በበረዶ ቀን ይህን ማስተማር ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ልጆቹን ከመስኮቱ መመለስ ነው። ምሳ ላይ ሁሉም በብረት ትሪ ሩዝ፣ ሾርባና ኪምቺ ይዞ ይቀመጣል፤ አስተማሪም ከልጆች ጋር ይበላል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ክፍላቸውን ይጠርጋሉ። እርሷ ለነገ ትዘጋጃለች፤ ስትወጣ ሊመሽ ነው፤ የቀለጠው መንገድ እንደገና በረዶ ሠርቶ ይጠብቃታል።

ቀኗ ይኸው ነው። በዚህ ቀን ውስጥ ስብከት የለም። ልትሰብክም አትችልም። በኮሪያ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንድን ሃይማኖት ትምህርት ማስተማር አይፈቀድለትም፤ እርሷም ሥራውን ስትቀበል ይህን አውቃ ነው የፈረመችው። አንዳንድ ወንድሞች «እንግዲያው በዘዴ ታድርገው» ይላሉ። እኛ አንስማማም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በግዴታ የተቀመጠበት ክፍል የስብከት መድረክ አይደለም። የሌላ እምነት አስተማሪ የእኛን ልጆች በሒሳብ ሰዓት እምነቱን ቢያስተምራቸው ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን። በፊርማችን የገባነውን ቃል ለወንጌል ብለን ብናፈርስ፣ የምንሰብከው ወንጌል ምን ዓይነት እንደሚሆን እናስብ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እህታችን ራሷ በአንድ ምሽት ደውላ «ፓስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጌታ ለዚህ ነው የጠራኝ ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?» ብላ ጠይቃናለች። የሥራ ውሏን ለሦስተኛ ዓመት ማደስ አለማደሷን በቅርቡ ማሳወቅ አለባት። የአባታችን ጥያቄ በእናቷ በኩል ደርሷት ነበር፤ ድምፅዋም ያስታውቅ ነበር።

ለእርሷ የነገርናትን ለእናንተም እንድገመው። በ1885 በትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 5 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሆራስ አንደርዉድና ሄንሪ አፐንዘለር የተባሉ ሁለት ወጣት አሜሪካውያን ዛሬ ኢንቾን በምትባለው ወደብ ደረሱ። በዚያን ጊዜ በኮሪያ ወንጌልን በግልጽ መስበክ አይፈቀድም ነበር። የተፈቀደው ማከምና ማስተማር ነበር። ስለዚህ አፐንዘለር በዚያው ዓመት በሁለት ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ፤ ንጉሡ ኋላ «ቤጄ» የሚል ስም ሰጡት፤ ጠቃሚ ሰዎችን የሚያፈራ ቤት እንደ ማለት ነው። ተማሪዎቹ የመጡት ለወንጌል አልነበረም፤ እንግሊዝኛ የመንግሥት ሥራ ስለሚያስገኝ ነበር። ኋላ የደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሲንግማን ሪም ወደዚያ ትምህርት ቤት የገባው እንግሊዝኛ ፍለጋ ነው። ጌታን የተቀበለው ግን በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ በእስር ቤት ነው። ፕሬዚዳንትነቱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው፤ ብዙ የሚያከራክር ነገር አለው። እኛ የምናነሣው ይህን ብቻ ነው፤ በቤጄ ሳለ አስተማሪዎቹ ስለዚህ ልጅ ሪፖርት ቢጠየቁ «ዜሮ» ብለው ይጽፉ ነበር።

ከአፐንዘለር ይልቅ ለእኛ የምትቀርበን ግን ሜሪ ስክራንተን ናት። ወደ ኮሪያ ስትሄድ ዕድሜዋ እንደ እኛ ሃምሳን የተሻገረ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ልትከፍት ብላ ወራት ሙሉ ተማሪ አጣች፤ ሰው ባዕዳኑን ይፈራ ነበር። በ1886 የመጀመሪያዋ ተማሪ መጣች። አንድ የመንግሥት ሹም የሚያኖራት ሴት ነበረች፤ እንግሊዝኛ ተምራ የንግሥቲቱ አስተርጓሚ ለመሆን ነው ፍላጎቷ። እርሷም በሦስት ወር ገደማ ታማ ትምህርቱን ተወች። ከዚያ በኋላ የመጣችው የድኻ ልጅ ነበረች፤ እናቲቱ ልጄን ወደ ባሕር ማዶ ይወስዱብኛል ብላ ስለ ፈራች፣ ስክራንተን ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅቷን ከአሥር «ሊ» በላይ እንደማትወስዳት በጽሑፍ ፈርማ ሰጠቻት። «ሊ» የቆየ የርቀት መለኪያ ነው፤ አሥሩ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ነው የኢህዋ ትምህርት ቤት መጀመሪያ፤ ዛሬ ኢህዋ በሴኦል ታላቅ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው። ልብ በሉ፣ ወንጌል ወደ ኮሪያ የገባው በባዕዳን እጅ ብቻ አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት በማንቹሪያ የሉቃስን ወንጌል በመተርጎም የረዱና ወደ አገራቸው ይዘው የገቡ ኮሪያውያን ነበሩ። ነገር ግን ያ ዘር የበቀለበትን መሬት በማለስለስ ረገድ፣ በብርድ ወራት ሁለትና ሦስት ልጅ ፊት ቆመው ፊደል ያስቆጠሩ ሰዎች ድርሻ ትልቅ ነው። አፐንዘለር በ1902 ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ስብሰባ ወደ ሞክፖ በመርከብ ሲሄድ፣ በሌሊት መርከቦች ተጋጭተው በአርባ አራት ዓመቱ ሰጠመ። ያስተማራቸው የት እንደደረሱ ሁሉን ሳያይ ነው የሄደው።

«እነርሱ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ልጅቷ ግን ደመወዝተኛ ናት» የሚል ሰው ይኖራል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ አንደባብቀውም። ነገር ግን ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን እያገለገሉ እንደሆነ የነገራቸው ሰባኪዎችን ሳይሆን ባሪያዎችን ነው፤ የጌቶቻቸውን ውኃ ሲቀዱና ቤት ሲጠርጉ የሚውሉትን። ጠቢቡም በምሳሌ 25 ላይ ታማኝን መልእክተኛ በመከር ጊዜ ከሚገኝ የበረዶ ቅዝቃዜ ጋር ያመሳስለዋል። ይህ ቃል ስለ በረዶ ስናስብ ደጋግሞ ይመጣብናል። መልእክተኛው የሚመሰገነው የላኩትን ስላሳረፈ ነው፤ የተላከላቸው ሰዎች እሺ ማለታቸው በዚያ ምሳሌ ውስጥ አልተነሣም። ሕዝቅኤልም እስራኤል እንደማይሰሙት አስቀድሞ ተነግሮት ነው የተላከው፤ በቁጥር ቢመዘን የት ይወድቅ ነበር?

አሁን ደግሞ ለራሷ ለእህታችንም ያልሸሸግነውን እንናገር። «ሥራዬ ራሱ ምስክርነት ነው» የሚለው አባባል ለብዙዎቻችን መደበቂያ ሆኗል። ሃያ ዓመት አብሮን የሠራ ባልንጀራ ክርስቲያን መሆናችንን ሳያውቅ ጡረታ ከወጣ፣ ያ ጥንቃቄ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ክፍሉ የስብከት ቦታ አይደለም ስንል አፍ ሁልጊዜ ይዘጋ ማለታችን አይደለም። እህታችን ምሳ ከመብላቷ በፊት አንገቷን ደፍታ ትጸልያለች። አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ «አስተማሪያችን አመማት?» ብሎ መምህርቲቱን ጠየቀ፤ መምህርቲቱም «አይደለም፣ ለምግቡ እያመሰገነች ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ መምህርቲቱ ራሷ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ቡና ላይ፣ ማንን እንደምታመሰግን ጠየቀቻት፤ እህታችንም በተሰባበረ ኮሪያኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ አላመነችም። እስካሁንም አላመነችም። ቡናው ግን ቀጥሏል።

ስለ አንድ ልጅም ነግራናለች። አራተኛ ክፍል ነው፤ እናቱ ከቬትናም ናት፤ የሚያድገው በአባቱ እናት ቤት ነው። በቆዳው ቀለም ልጆቹ ይስቁበት ስለነበር ክፍል ውስጥ አፉን አይከፍትም ነበር። ከእርሱ ይልቅ የጠቆረች አስተማሪ መጥታ ልጁ ሁሉ ጎንበስ እያለ «ሶንሴንግኒም» ሲላት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። በዚያ በረዶ ቀን፣ በእጅ ሲያሹት የሚሞቅ ትንሽ ከረጢት ከኪሱ አውጥቶ በእጇ ላይ አኖረና ሮጠ። ይህ ንስሐ አይደለም፤ በሪፖርታችን ላይ በነፍስ ቁጥር አንጽፈውም። ምንም አይደለም የሚል ሰው ግን በሌላ ልጅ መካከል ተለይቶ ያፈረ ልጅ አይቶ የማያውቅ ሰው ይመስለናል። በአሜሪካ ልጆች ያሳደግን ሁላችን ደግሞ አይተናል።

ኮሪያውያን በብርድ ሥራቸውን የሠሩ ሰዎችን እንደማይረሱ ቹንቾን ራሷ ትመሰክራለች። በጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የቆመ ሐውልት አለ፤ በ1968 ሲመረቅ አጼ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር፤ በአጠገቡ በዚያው ዓመት የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ዛሬም አለ። ከ1951 ጀምሮ 6,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያ ወድቀዋል። ስለ ጦርነቱ ብዙ ይባላል። እኛን የሚነካን ግን ወታደሮቹ በዶንግዱቾን ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ልጆች መጠለያ ማቋቋማቸው ነው። የእኛም እህት በአውቶቡስ ውስጥ ከየት እንደ መጣች ተጠይቃ «ከአሜሪካ፣ የተወለድኩት ግን በኢትዮጵያ» ስትል ቦታቸውን ሊለቁላት የተነሡ አሮጊት አጋጥመዋታል። እርሷ ደግሞ እንዴት ተደርጎ ብላ አልተቀመጠችም፤ ሁለቱም ቆመው ሄዱ።

ስለዚህ ለጉባኤያችን ሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ አቅርበናል፤ እናንተም በየአጥቢያችሁ እንድታስቡበት እንጠይቃለን። ወደ አገልግሎት የሚሄዱትን ወደ ፊት አውጥተን እጅ ጭነን እንልካቸዋለን፤ መልካም ነው። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወቅት አስተማሪዎቻችንንም እንዲሁ እናውጣቸው። በእኛ ቤት ብቻ የሕፃናት ተንከባካቢዎች፣ ረዳት መምህራንና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮች አሉ፤ አብዛኞቹ «አገልግሎት የለኝም» ብለው የኋላውን ወንበር ይመርጣሉ። ከተላኩ በኋላም ስንጠይቃቸው መጀመሪያ ከቁጥር አንጀምር። ስለ ልጆቹ እንጠይቃቸው፣ እንዴት እንዳደሩ እንጠይቃቸው፣ ቃሉን የሚያነቡበት ጊዜ አግኝተው እንደሆነ እንጠይቃቸው። የሚመሰክሩበት ዕድል ከመጣላቸውም አብረን እንደሰት።

ውሏን ስለማደስ እኛ «ታድስ» ወይም «ትመለስ» አላልናትም፤ ይህ በእርሷና በጌታ መካከል ነው። ያ አባታችን ግን ቀኗን ከሰሙ በኋላ የጸሎት ርዕስ እንድትልክ ጠየቁ፤ ላከችም። አንደኛው ስለ ውሳኔዋ ነው። ሁለተኛው ጉልበታቸውን ስለታመሙት ስለዚያ ልጅ አያት ነው፤ በበረዶ ወደ ሕክምና የሚወስዳቸው የለም። ሦስተኛው «ሁለተኛው አውቶቡስ በሰዓቱ እንዲመጣ» የሚል ነው። ሦስቱንም በረቡዕ ሰሌዳችን ላይ ጽፈናቸዋል።